ፊት ለፊት ከመናገር በፊት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ሚስቴ ናት። ምንም አልጻፈችበትም፤ ዝም ብላ ጽሑፉን ብቻ። ይሄ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ባለትዳር ያውቀዋል። እመለስበታለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። እኛ ሰዎች መነጋገር አንችልም። ፍቅራችንንም፣ ጓደኝነታችንንም፣ ሥራችንንም የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው። መፍትሔው የተሰማህን ወዲያው ፊት ለፊት መናገር ነው። ከመግባባት 93 በመቶው ያለ ቃል ስለሆነ የሰውን ሰውነት አንብብ። ዓይንህን የማያይ ይዋሻል። የሚወድህ ሰው ሳትነግረው ይገባዋል። ተጣልታችሁ አትደሩ። በመካከላችሁ ሦስተኛ ሰው አታስገቡ። ጓደኛህ ከቀዘቀዘብህ በጽሑፍ ቁርጡን ንገረው። አለቃህ ሲያጠፋ በስብሰባ ላይ ንገረው። ፊት ለፊት የማይጋፈጥ ፈሪ ነው። ሰላምታ አታብዛ። እሺ ብሎ የማያደርግ ውሸታም ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ተሰብስቦ ቡና መጠጣት የሐሜት ፋብሪካ ነው» የምትል ጣል አድርጓል። ይቺን ለጅማ ሰው መላክ ድፍረት ይጠይቃል።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ቅን ሰው ይመስለኛል። ይሉኝታ ስንቱን እንደጎዳው እኔም አይቻለሁ። እምቢ ማለት አቅቶት ለማያምነው ሰው ዋስ ሆኖ ደሞዙ የሚቆረጥ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚያስተምረው መናገር ነው። አንድም ቦታ ላይ «ጠይቅ» የሚል ቃል አጣሁበት። ጠቤ ከዚህ ጋር ነው።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን መዝገብ ያዥ ነኝ። ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር።

93 በመቶ የምትለዋ ቁጥር የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአልበርት መህራቢያን ናት። እሱ እ.ኤ.አ. በ1967 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሁለት ጥናቶች አሳተመ። ሰዎች የተቀዳ ነጠላ ቃል ሰሙ። በአንደኛው ጥናት የፊት ፎቶም አብረው አዩ። ከዚያ ተናጋሪው ወዷል ወይስ ጠልቷል የሚለውን ገመቱ። ቃሉ አንድ ነገር፣ ድምፁና ፊቱ ሌላ ነገር ሲሉ ሰው የቱን ያምናል ነው ጥያቄው። ለቃል 7፣ ለድምፅ 38፣ ለፊት 55 የሚል ቀመር ወጣ። 38 እና 55 ሲደመሩ ያቺው 93 ናት። መህራቢያን ራሱ ቀመሩ የሚሠራው ሰው ስሜቱንና ዝንባሌውን ሲገልጽ ብቻ ነው ብሏል። ስለ ንግግር ሁሉ አላወራም።

ባታምኑኝ ሞክሩት። «ከሊሙ ስልሳ ጆንያ ቡና ይመጣል፤ ሦስቱ እርጥብ ናቸው፤ ለይታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ።» ይሄን 93 በመቶውን በዓይንና በትከሻ ንገሩኝ። ስልሳውንም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

የዓይኑ ነገር ደግሞ አናደደኝ። እኛ ጋ ያደገ ልጅ አባቱ ሲቆጣው መሬት መሬት ያያል። ቀና ብሎ ዓይን ለዓይን ቢያይ «ታፈጥብኛለህ?» ተብሎ ሌላ ቅጣት ይጨመርበታል። ይሄው ልጅ አድጎ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። አክብሮ አንገቱን ይደፋል። ጠያቂዎቹ ይሄን ጽሑፍ አንብበው ከሆነ ጉዱ ፈላ። ውሸትን በማየት እናውቃለን የምንለው ነገር ሲመዘን ክብደት የለውም። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 24,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ሰብስበው አይተዋል። ሰዎቹ እውነትንና ውሸትን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 ይሰጣል። ለአራት በመቶ ብልጫ ብላችሁ የሰው ልጅ እንጀራ አትዝጉ።

«የሚወድህ ሰው ሳትነግረው ይገባዋል» የምትለዋ ላይ ልቆይ፤ ዋጋ ከፍዬባታለሁ። በነገራችን ላይ ጽሑፉ ከላይ ሁሉን ተናገር ይላል፣ ከታች ደግሞ ሳይነገርህ ይግባህ ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ጸሐፊው ያውቃል።

አምና አማቴ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከአጋሮ መጥተው እኛ ጋ ሰነበቱ። ሊመለሱ የተነሱ ቀን እኔ ጭነት ይጠብቀኝ ነበር። በር ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ሒሳቡን ከፈልኩ። ሹፌሩን «እናቴ ናቸው፤ ቀስ ብለህ መናኸሪያ አድርስልኝ» አልኩት። በራሴ ኮርቼ ሥራ ገባሁ።

ማታ ቤት ስደርስ ቤቱ ቡና አይሸትም። ሚስቴ ሁሌ ማታ ማታ ትቆላለች፤ ጭሱ ደረጃው ላይ ነው የሚቀበለኝ። የዚያን ቀን ጀበናው ተጥዷል፣ ቡናው ግን ከሱቅ የተገዛ፣ ተፈጭቶ የታሸገ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም። ጅማ ውስጥ፣ የቡና መጋዘን ሠራተኛ ቤት፣ የታሸገ ቡና! የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶኛል።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ምናልባት ቡና አልቆባት ይሆናል አልኩና ሁለት ኪሎ ምርጥ የታጠበ ቡና ይዤ ገባሁ። ፌስታሉን አየችው። እኔን አየችኝ። ወስዳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረችው። ነገሩ ባሰ።

በአራተኛው ቀን መገመቱ ታከተኝ። ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ያስቀየምኩሽ መቼ ነው?» አልኳት። «መቼ» ለሚል ጥያቄ «ምንም» ብሎ መመለስ አይመችም።

«እናቴን እንደ ዕቃ በባጃጅ ጭነህ የላክሃት ቀን» አለች።

ለካ ነገሩ እዚያ ነው። እሷ የጠበቀችው መናኸሪያ ድረስ አብሬ ሄጄ፣ ወንበር ይዤላቸው፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እጄን አውለብልቤ እንድመለስ ነው። መሸኘት ማለት ያ ነው። እኔ ከፈልኩላቸው ብዬ ኮራሁ። እሷ ለማያውቃት ሹፌር አደራ ሰጣት ብላ ተቀየመች።

እንግዲህ ምልክቱን አንብቤያለሁ። ቡናው አልተቆላም፣ ስለዚህ የሆነ ነገር አለ። ምልክት የሚያደርስህ እስከዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ በምልክት ብቻ የሄድኩት ሁለት ኪሎ ቡና አስገዛኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ ያወቅኩት በቃል ነው። ቃሉም የመጣው ስጠይቅ ነው።

ሰው ደግሞ በቀረበው ሰው ላይ የባሰ ይሳሳታል። ኬኔት ሳቪትስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባልና ሚስቶችን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጠው ሁለት ሦስት ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር አስባሏቸው። የትዳር ጓደኛ የተባለውን በመረዳት ከማያውቁት ሰው አልበለጠም። ልዩነቱ ተናጋሪው ላይ ነው፤ «የኔው ሰው ስለሆነ ገብቶታል» ብሎ በጣም እርግጠኛ ይሆናል። ከማያውቁት ሰው ጋር ያብራራሉ፣ ይጠይቃሉ። ከባላቸውና ከሚስታቸው ጋር ይተዉታል።

«ተጣልታችሁ አትደሩ» ጥሩ ምኞት ነው። ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በቀላ ዓይን የተነገረ ነገር ስንቱን ቤት እንደናደ ጎረቤት ይመስክር። ጆን ጎትማን የሚባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ እየቀረፀ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን መስማት ያቅተዋል ይላል። ምክሩም ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተለያይቶ መብረድ ነው። ደግሞም ባለትዳሮች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ የሚሆኑት መቼም ሙሉ በሙሉ እንደማይፈቱ አግኝቷል። አብረዋቸው ይኖራሉ። እንግዲህ ሁሉንም ጠብ ሳትጨርሱ አትተኙ ከተባለ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ሦስተኛ ሰው ስለማስገባት ብዙ አልልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የባልና ሚስትን ጠብ መጀመሪያ ሽማግሌዎች እንዲያዩት ነበር ያደረገው። ሕጉ ያንን ከባዶ አላመጣውም፤ ሕዝቡ ሲያደርገው የኖረውን ነው። ጥሩ ሽማግሌ ከመፍረዱ በፊት ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃል። «ቻይው ልጄ» ብቻ የሚል ሽማግሌም አለ፤ እሱን ጸሐፊው ቢነቅፈው አብሬው ነኝ። የሚማታ ባል ጉዳይ ደግሞ የሽማግሌ አይደለም፣ የፖሊስ ነው።

«ፊት ለፊት የማይጋፈጥ ፈሪ ነው» ለሚለው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ጅሬን ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ መደራደርን መረጡ። ግብር እየከፈሉ ጅማን ለአሥርት ዓመታት ራሳቸው አስተዳደሩ። ፈሪ ናቸው የሚል የጅማ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጓደኛን ነገር ባጭሩ። አዲስ አበባ የሄደ አብሮ አደጌ አዲስ ሥራ መያዙን በቴሌግራም ጻፈልኝ። እኔ ሚዛን ላይ ነበርኩ። በአንድ እጄ «እሺ፣ በርታ» ብዬ ላክሁ። ሁለት ወር ዘጋኝ። እኔም ሲን አድርጎ ዝም አለኝ ብዬ ተቀየምኩ። በኋላ ስደውልለት «በርታ ብለህ አሾፍክብኝ» አለኝ። እኔ ከልቤ ነበር በርታ ያልኩት! አንድ ደቂቃ አልፈጀም፣ ሁለታችንም ሳቅን። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ይሄንኑ ፈትሸዋል። ተማሪዎች በኢሜይል የሚያሾፉ ወይም የምር የሆኑ መልእክቶች ላኩ። ተቀባዩ 78 በመቶውን ይለየዋል ብለው ገመቱ። የለየው 56 በመቶውን ነው። እና «ቁርጡን በጽሑፍ ንገረው» የሚለው ምክር ጓደኛ ማጣት ለሚፈልግ ሰው ግሩም ነው። ሌሎቻችን እንደውል።

ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ጸሐፊው የሚመኘውን ዓይነት አለቃ አውቃለሁ። ድሮ የሠራሁበት አንድ መጋዘን ኃላፊ «እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አይቀመጥም» እያለ ይኮራ ነበር። እውነቱን ነው፣ አይቀመጥም። አንድ ቀን አንድ ልጅ የቡናውን እርጥበት ለክቶ ሲመዘግብ ቁጥር አሳሳተ። ኃላፊው ጫኝ አውራጁ፣ ለቃሚ ሴቶቹ፣ ሹፌሮቹ ባሉበት «ደንቆሮ» አለው። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ኃላፊው ተናግሮ ወጣለት፣ ቀለለው። ከሰዓት በኋላ ረስቶታል።

ሌላው ሰው አልረሳውም። ሐምሌ ላይ የመጋዘኑ ጣሪያ በአንድ ጥግ ማፍሰስ ጀመረ። ጅማ ሐምሌ ላይ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሦስት ቀን በኋላ እኔ ለቆጠራ ስገባ ከታች የተደረደሩት አሥራ አራት ጆንያዎች ረጥበዋል። አንዱን ከፈትኩት። ሞቅ ያለ የምድር ቤት ሽታ ወጣ። ፍሬው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ጀምሯል። ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ ለሻጋታ ራሱን ያዘጋጃል፤ ይሄማ ጨርሶ ውሃ ጠጥቷል። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጫኝ አጠገቤ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አይተውት ነበር?»

«ሰኞ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ይናገራል ልጄ? በዚህ ሽበቴ ደንቆሮ ልባል?»

ያ ግልጽ አለቃ በአንድ ቃል የሠላሳ ሰው አፍ ዘጋ። ጸሐፊው ግልጽነት ይጋባል ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል። እኔ ያየሁት ሲያስፈራ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሐርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ግራ ገብቷት ነበር። በደንብ ተግባብተው የሚሠሩት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ኋላ እንደገባት እነሱ ብዙ ስላጠፉ አይደለም። ያጠፉትን አይደብቁም። መጥፎዎቹ ክፍሎች ወረቀት ላይ ንጹሕ ናቸው፤ ማንም ትንፍሽ አይልማ።

አሁን ያለሁበት መጋዘን ኃላፊ ጥቂት ነው የሚናገረው። ጠዋት ሚዛኑ ጋ መጥቶ «ትናንት ምን ተበላሸ?» ይላል። «ሁሉ ደህና?» አይልም። ይቺ ልዩነት ትንሽ እንዳትመስላችሁ። «ሁሉ ደህና?» ስትል የእኛ ሰው አፉ ሳያስበው «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይልሃል። ጣሪያው እላዩ ላይ እየወረደም ቢሆን ይልሃል። ያ ሰላምታ ነው፣ ሪፖርት አይደለም። «ምን ተበላሸ?» ስትል ግን የተበላሸ ነገር እንዳለ አንተው ቀድመህ ተቀብለሃል። መንገሩ ነውር መሆኑ ቀረ።

«እሺ» ላይም እንዲሁ ነው። እሺ ብሎ የማያደርግ ውሸታም ነው ይላል ጽሑፉ። እኛ ጋ እሺ ማለት «ሰምቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ» ነው። በኦሮምኛ «ቶሌ» ሲልህም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። አደርገዋለሁ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ለማወቅ «ገባህ?» ብለህ አትጠይቅ፤ መልሱ ያው እሺ ነው። «ከየትኛው ትጀምራለህ?» በለው። ካልገባው ያኔ ራሱን ያካል።

ሰላምታ አታብዛ ለሚለው ምክር እዚሁ መልሼ ልለፍ። «አካም ጅርቱ? ፈያ? ቤት እንዴት ነው? ልጆች?» ሲባል የሚመለሰው ቃል አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስተኛው «ደህና» ላይ የሰው ድምፅ ዝቅ ካለ መጠየቅ ያለብህ ነገር አለ።

አሁን ወደ ሚስቴ። ያለ ማብራሪያ የላከችውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የትኛው መስመር ለእኔ እንደሆነ ፈለግኩ። ተጣልታችሁ አትደሩ የምትለዋ ናት ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ተለማመጥኳት፣ ሳህን ሁሉ አጠብኩ። ማታ ሲጨንቀኝ ጠየቅኳት።

«የቡናዋ ናት ያናደደችኝ» አለች። «አንተ መጻፍ ትወዳለህ፤ መልስ ስጠው ብዬ ነው።»

በትእዛዝ ነው የምጽፈው ማለት ነው። ሐሜት የለም ብዬ ግን አልዋሽም። የሰፈር የቡና ቁርስ ሆኜ አውቃለሁ። የባጃጁ ነገር የሆነ ሳምንት ቅዳሜ ጎረቤታችን አዴ ጋ ተጠራን። አቦሉ ላይ ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ተወራ። ቶናው ሲቀዳ አዴ ማንንም ሳያዩ፣ ስኒውን እያቀባበሉ፣ «ዘንድሮ አማት በባጃጅ ይሸኛል አሉ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ሚስቴ አቀርቅራ ሳቀች። እኔ ልሟገት አፌን ስከፍት አዴ ቀደሙኝ። «ሥራ ይዞህ ነው አይደል?» አዎ አልኩ። «እንዲህ በላት እንግዲህ» አሉ። በረካው ላይ ሌላ ወሬ ተጀምሮ ነበር። አራት ቀን የታሸገ ቡና ያስጠጣኝ ቅያሜ የቀረው ጥላው እዚያ ስኒ ውስጥ ቀረ። ያንኑ ነገር አዴ መጥተው ፊት ለፊት «አማትህን አዋርደሃል» ቢሉኝ እስከዛሬ አልፈን ሰላም አንባባልም ነበር። ሹክሹክታው ሰውዬው በሌለበት ሲሆን ክፉ ነው፤ ሰውዬው ባለበት ሲሆን ግን ሐሜት አልለውም። ምን እንደምለው አላውቅም፤ አዴ ያውቁታል።

ባለፈው ወር አማቴ ለጉልበታቸው ተመልሰው መጡ። ሊሄዱ የተነሱ ዕለት ኃላፊዬን አስፈቅጄ ቀረሁ። ልብሴን ቀየርኩ። ቦርሳቸውን ያዝኩ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ በኩራት ስታየን፣ በእግር ወደ መናኸሪያ ጉዞ ጀመርን። መታጠፊያውን እንዳለፍን አማቴ ቆሙ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ።

«ልጄ፣ ባጃጅ ጠፋ እንዴ ዛሬ?»

«ኧረ አለ። አብሬዎት ልሂድ ብዬ ነው።»

«ያ ያምናው ልጅ ቢገኝ ጥሩ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ሚኒባሱ ውስጥ ድረስ ደግፎ ነው ያስገባኝ።»

ባጃጅ አስቆምኩ። ለሚስቴ ገና አልነገርኳትም።